ጠቅላላ ጉባኤው ቀናት ተቀምጦ ዋናው ረቂቅ ሳይወሰን የሚበተነው ለምንድን ነው?

ጠያቂ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን፣ ወገኖች። ጥያቄዬ የሚመለከተው ትልልቆቹን የቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤዎች ነው፤ ከ600 እስከ 900 ባለ ድምፅ ተወካይ የሚቀመጥባቸው፣ በሦስት ወይም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠሩ፣ ከመቶ በላይ ረቂቅ ውሳኔ ይዘው የሚከፈቱ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማንም በማይቃወማቸው ጉዳዮች ላይ ሰዓታት ይፈስሳሉ፤ ለአንዲት ቃል ሦስት ማሻሻያ ይቀርባል። ምእመናን ዓመታት የጠበቁት ጉዳይ ደግሞ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ግማሹ ተወካይ ሻንጣውን አጠገቡ አስቀምጦ ሰዓቱን ሲያይ ይመጣል። ከዚያ ወይ «ለጥናት ይመለስ» ይባላል፣ ወይ ማንም አጥርቶ ባላነበበው ቃል ይጸድቃል፣ ወይ ምልዐተ ጉባኤ (ለመወሰን የሚያስፈልገው የተወካይ ቁጥር) ጎደለ ተብሎ ስብሰባው ይዘጋል።

ሥራውን የምታውቁ ሦስት ነገር እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። ጊዜው የሚያልቀው በትክክል የት ነው? ክርክሩ በማሻሻያ ሲተበተብ ሰብሳቢው ምን ማድረግ ይችላል? አብዛኛው ሰው ደግፎት እያለ «አላለፈም» የሚባለውስ በምን ስሌት ነው? የጸሎትን ኃይል አልዘነጋሁም፤ የምጠይቀው ስለ አሠራሩ ነው።

የአጀንዳ ኮሚቴ አገልጋይ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ደቂቃውን እንቁጠር፤ ምሬቱ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ጉባኤው 5 ቀን ነው እንበል። ጸሎቱ፣ ስብከቱ፣ ምሳውና ዕረፍቱ ወጥቶ በቀን ለአዳራሽ ሥራ የሚተርፈው 6 ሰዓት ግድም ነው፤ በድምሩ 30 ሰዓት። መክፈቻው፣ የውክልና ማረጋገጫውና የሥነ ሥርዓት ደንቡ ማጽደቂያ 2 ሰዓት ይወስዳሉ። የዋና ጸሐፊው፣ የሒሳቡና የኦዲቱ ሪፖርት ከነጥያቄና መልሱ 5 ሰዓት። የእንግዶች ሰላምታ 2 ሰዓት። ምርጫው እያንዳንዱ ዙር 20 ደቂቃ ቢፈጅና 12 ዙር ቢኖር 4 ሰዓት። በጀቱ 3 ሰዓት። የቀረው 14 ሰዓት፣ ማለትም 840 ደቂቃ ነው። 120 ረቂቅ ካለ ለእያንዳንዱ 7 ደቂቃ ይደርሰዋል።

አንድ ረቂቅ በወጉ ቢታይስ ስንት ይፈጃል? ኮሚቴው ሲያቀርበው 2 ደቂቃ። ሦስት ደጋፊና ሦስት ተቃዋሚ ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢናገሩ 12። ድምፅ አሰጣጡና ውጤቱ 3። ድምሩ 17 ደቂቃ ሆነ። በ840 ደቂቃ ውስጥ እንዲህ ሊታዩ የሚችሉት 49 ረቂቆች ናቸው፤ ያውም ማንም አንዲት ማሻሻያ ካላቀረበ። እንግዲህ 71 ረቂቆች ተራ እንደማይደርሳቸው ጉባኤው ሳይከፈት የታወቀ ነበር ማለት ነው። ያልታወቀው የትኞቹ እንደሆኑ ብቻ ነው። ይህን ማንም አስቀድሞ ካልወሰነው ሰዓቱ ይወስነዋል፤ ሰዓት ደግሞ የጉዳዩን ክብደት አያይም።

ስለዚህ ሥራው ያለው ከመክፈቻው በፊት ነው። ረቂቅ የማስገቢያው ቀን ከጉባኤው ቢያንስ 90 ቀን ቀደም ብሎ መቆረጥ አለበት። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ረቂቅ አጀንዳ ውስጥ የሚገባው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ብቻ ይሁን፤ አቅራቢውም ቀኑ ካለፈ በኋላ ምን አዲስ ነገር እንደተከሠተ በጽሑፍ ያስረዳ። ይህች በር ከላላች ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ዋጋ የለውም። «አስቸኳይ» የተባሉት አብዛኞቹ ረቂቆች ዘግይተው የተጻፉ ናቸው እንጂ አስቸኳይ አይደሉም።

ቀጥሎ ተመሳሳዮቹን ማጣመር ነው። ስለ አንድ ጉዳይ ከተለያዩ አህጉረ ስብከት 9 ረቂቅ ቢመጣ ኮሚቴው አንዱን መነሻ አድርጎ ይመርጣል፤ የሌሎቹን ጠቃሚ አንቀጽ ያስገባበታል፤ ስምንቱን «በዚህኛው ውሳኔ ምላሽ አግኝተዋል» ብሎ ይዘጋቸዋል። ኮሚቴው ይህን ሲያደርግ የስምንቱን አቅራቢዎች ጠርቶ ካላናገረ እያንዳንዳቸው በአዳራሹ ውስጥ ረቂቃቸውን በማሻሻያ ስም መልሰው ያመጡታል። ጉባኤው ዘጠኙንም አየ ማለት ነው፣ አንድ በአንድ፣ በማይክሮፎን።

ሦስተኛው የጅምላ ማጽደቂያ ዝርዝር ነው። ኮሚቴ ውስጥ 90 ከመቶ ድጋፍ ያገኘ፣ የሕገ ደንብ ለውጥም ሆነ አዲስ ወጪ የሌለበት ረቂቅ በዝርዝሩ ይገባል፤ ዝርዝሩ 24 ሰዓት ቀድሞ ይታደላል፤ በአንድ ድምፅ 40 ወይም 50 ረቂቅ በ5 ደቂቃ ያልፋል። የዩናይትድ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ ለረጅም ጊዜ ይህን ዘዴ ሲጠቀም ኖሯል። ስስ ቦታው «ከዝርዝሩ ይውጣልኝ» ለማለት የሚያስፈልገው የፊርማ ብዛት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ማውጣት ከቻለ አምስት ሰው ተማክሮ ዝርዝሩን ባዶ ያስቀረዋል። 100 ፊርማ ከተጠየቀ ደግሞ የአናሳዎች ድምፅ ይታፈናል። ለ800 ሰው ጉባኤ ከ15 እስከ 25 ፊርማ ጥሩ ነው እላለሁ፤ ፊርማው እስከ ምሽት 12 ሰዓት እንዲገባ፣ የወጣውም ረቂቅ በማግስቱ እንዲታይ።

የመጨረሻው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ለከባዱ ጉዳይ ሰዓት መቁረጥ ነው። «ረቂቅ ቁጥር 14 በሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይታያል» ተብሎ አጀንዳው ሲጸድቅ ይወሰን። በዚያ ሰዓት ሌላው ነገር ሁሉ፣ ሪፖርትም ይሁን ሰላምታ፣ ይቆማል። በመጀመሪያው ቀን አይሁን፤ ተወካዩ የድምፅ መስጫ መሣሪያውንም ሥርዓቱንም ገና አልለመደም። በሁለተኛው ቀን ከሆነ ግን ረቂቁ ወደ ኮሚቴ ቢመለስ እንኳ ተስተካክሎ እስከ አራተኛው ቀን ይደርሳል። ይህ የመመለሻ ጊዜ መኖሩ ራሱ ክርክሩን ያረጋጋዋል፤ ሰው «አሁን ካላሸነፍኩ አለቀልኝ» ብሎ አይይዘውም።

በሁለት ምክር ቤት የሚሠሩት፣ ለምሳሌ የአሜሪካ የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን፣ ተጨማሪ ችግር አለባቸው። የጳጳሳቱ ቤትና የተወካዮቹ ቤት አንድ ዓይነት ቃል ማጽደቅ አለባቸው። ሁለተኛው ቤት አንዲት ሐረግ ከቀየረ ረቂቁ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ በመጨረሻው ቀን ከሆነ የሚመለስበት ጊዜ የለም፣ እዚያው ይቀራል። መድኃኒቱ የሁለቱ ቤቶች ኮሚቴዎች ከመጀመሪያው አብረው መቀመጣቸው ነው። ይህች ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2022 በወረርሽኙ ምክንያት ጉባኤዋን ወደ 4 ቀን ስታሳጥር ኮሚቴዎቿ ከወራት በፊት በበይነ መረብ ተሰብስበው ሕዝቡን አድምጠው ነበር። ምስክርነት የመስማቱ ሥራ ከአዳራሹ ቀናት ላይ ወጣ ማለት ነው። ቀናቱ ባያጥሩም ሊያዝ የሚገባው አሠራር ነው።

የሥነ ሥርዓት አማካሪ

ከላይ ያለው ሒሳብ ትክክል ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ።

ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሚጠቀሙበት ወይም የራሳቸውን ደንብ የቀዱበት የሮበርት የስብሰባ ደንብ መነሻው ራሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተደረገ ስብሰባ ነው። ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የተባለ የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1863 በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተጠራ ስብሰባ እንዲመራ ተጠርቶ ስብሰባው ከቁጥጥሩ ወጣበት። ከዚያ ጥናት ጀመረ፤ መጽሐፉ በ1876 ታተመ። ደንቡ የተጻፈው እንግዲህ ለዚሁ ለኛ ችግር ነው፤ የሚጎዳን ግማሹን ብቻ ስናውቀው ነው።

ስለ ማሻሻያ ሊታወቅ የሚገባው ደረጃው ሁለት ብቻ መሆኑ ነው። ዋናው ረቂቅ አለ፤ በእሱ ላይ ማሻሻያ ይቀርባል፤ በማሻሻያው ላይ ሌላ ማሻሻያ ሊቀርብ ይችላል። ሦስተኛ ደረጃ የለም። ሰብሳቢው «አሁን ሁለት ማሻሻያ በእጃችን አለ፤ ሦስተኛ አልቀበልም፤ አንዱ ሲወሰን ተራው ይደርስዎታል» ማለት ሥልጣኑ ብቻ አይደለም፣ ግዴታው ነው። ድምፅ የሚሰጠው ከላይ ወደ ታች ነው፦ መጀመሪያ የማሻሻያው ማሻሻያ፣ ከዚያ ማሻሻያው፣ በመጨረሻ የተሻሻለው ዋና ረቂቅ።

ብዙ ጉባኤ የሚሳሳተው ተተኪ ረቂቅ ላይ ነው። አንድ ሰው «ጠቅላላው ረቂቅ ወጥቶ ይህ ይግባ» ሲል መጀመሪያ ነባሩ ይሻሻላል፣ ቀጥሎ ተተኪው ይሻሻላል፣ ከዚያ «ተተኪው በነባሩ ቦታ ይግባ ወይ?» ተብሎ ድምፅ ይሰጣል። «አዎ» ከተባለ ገና አልጸደቀም! ተተኪው አሁን ዋና ረቂቅ ሆነ እንጂ። ሌላ ድምፅ ይቀረዋል። እዚህ ላይ አዳራሹ አጨብጭቦ ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋል፤ ከወራት በኋላ ቃለ ጉባኤው ሲታይ ውሳኔ የለም። ሰብሳቢው ከእያንዳንዱ ድምፅ በፊት «አዎ ካላችሁ ይህ ይሆናል፣ አይ ካላችሁ ይህ ይሆናል» የሚሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ቢናገር 20 ሰከንድ አይፈጅበትም።

ማሻሻያ ከ10 ቃል በላይ ከሆነ በጽሑፍ፣ በመስመር ቁጥር፣ ከውይይቱ በፊት ባለው ምሽት ይግባ። «ከመስመር 23 ላይ "ይመከራል" ወጥቶ "ይገባል" ይግባ» ተብሎ በስክሪን ሲታይ ክርክሩ በቃሉ ላይ ይሆናል። በቃል ብቻ ከተነገረ ግን እያንዳንዱ ተወካይ በልቡ የተለየ ረቂቅ ይዞ ይከራከራል። ረቂቅ ሲታተም መስመሮቹን ቁጥር ማስያዝ ወጪ የሌለው ሥራ ነው፣ ሆኖም ይረሳል።

«ክርክሩ ይዘጋ» የሚለው ሐሳብ ሁለት ሦስተኛ ይፈልጋል፤ በእሱ ላይ ክርክር የለም። እዚህ የሚፈጸመው በደል የታወቀ ነው፦ አንዱ ማይክሮፎን ይዞ ሁለት ደቂቃ ይደግፋል፣ በመጨረሻዋ ሰከንድ «ስለዚህ ክርክሩ ይዘጋልኝ» ይላል። በጉባኤው ደንብ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨመር፦ በጉዳዩ ላይ የተናገረ ሰው በዚያው ንግግሩ መዝጊያ ሊጠይቅ አይችልም፤ ከሁለቱም ወገን ቢያንስ ሁለት ሁለት ሰው ሳይናገር መዝጊያ አይቀርብም።

የሥነ ሥርዓት ጥያቄም እንዲሁ ንግግር ማሾለኪያ ይሆናል። ሰብሳቢው ወዲያው «የትኛው አንቀጽ ተጣሰ?» ይበል። አንቀጽ ካልተጠቀሰ ተናጋሪው ይቀመጣል። በሰብሳቢው ብያኔ ያልተስማማ ይግባኝ ይላል፣ አንድ ሌላ ሰው ይደግፈዋል፣ ጉባኤው ድምፅ ይሰጣል። እኩል ለእኩል ከሆነ የሰብሳቢው ብያኔ ይጸናል። ይግባኝን እንደ ድፍረት የሚያይ ሰብሳቢ ጉባኤውን ያስኮርፋል፤ ይግባኙን በደስታ ተቀብሎ ለድምፅ የሚያቀርብ ግን በሁለት ደቂቃ ይገላገላል።

«ለጥናት ይመለስ» የሚለውን ጠያቂው በትክክል አንሥተውታል። ወደ ኮሚቴ መመለስ አራት ነገር ከሌለው ቀብር ነው፦ ለማን፣ በየትኛው ጥያቄ ላይ፣ እስከ መቼ፣ በምን ገንዘብ። አንድ ተወካይ ተነሥቶ «የመመለሱ ሐሳብ እነዚህ አራቱ ተጨምረውበት ይሻሻል» ቢል ይበቃል፤ የመመለስ ሐሳብ ይሻሻላል፣ ይህን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

በትርጉም የሚናገሩ ተወካዮች ካሉ ደግሞ ጊዜያቸው በእጥፍ ይሁን። 2 ደቂቃ በተርጓሚ ሲከፈል 1 ደቂቃ ነው፤ እሱም ሐሳቡ ተቆራርጦ።

ድምፅ ቆጣሪ

ሦስተኛውን ልመልስ። «አብዛኛው ደግፎት አላለፈም» ሲባል ብዙ ጊዜ ማጭበርበር የተደረገ ይመስላል። ደንቡ ግን ሦስት ቦታ ላይ ያንን ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

አንደኛ፣ ሁለት ሦስተኛው ከምን ላይ ነው የሚሰላው? አዳራሹ ውስጥ 640 ተወካይ አለ እንበል፤ 410 ደገፈ፣ 190 ተቃወመ፣ 40 ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ደንቡ «ከተሰጠው ድምፅ» ካለ 600 ላይ ይሰላል፤ 400 ይበቃል፤ ረቂቁ አለፈ። «ከተገኙት ተወካዮች» ካለ 640 ላይ ይሰላል፤ 427 ያስፈልጋል፤ ወደቀ። በሁለተኛው ደንብ ድምፀ ተአቅቦ ማለት ተቃውሞ ነው፤ ሻይ ሊጠጣ የወጣው ደግሞ፣ የተገኙት በጠዋቱ ምዝገባ የሚቆጠሩ ከሆነ፣ ሳያውቀው ተቃወመ። ሰብሳቢው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የትኛው ደንብ እንደሚሠራና ስንት ድምፅ እንደሚያስፈልግ በቁጥር ያስታውቅ። ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚነገር ስሌት ማንንም አያሳምንም።

ሁለተኛ፣ በየቤቱ ወይም በየክፍሉ መቁጠር። የታወቀው ምሳሌ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 2012 ሴቶች ጳጳሳት እንዲሆኑ የሚፈቅደው ሕግ በጠቅላላ ሲኖዶሱ ሦስቱም ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ማግኘት ነበረበት። ጳጳሳቱ 44 ለ3፣ ካህናቱ 148 ለ45፣ ምእመናኑ 132 ለ74 ድምፅ ሰጡ። ሦስቱ ቤቶች ሲደመሩ 324 ለ122፣ ማለትም ከ72 ከመቶ በላይ ድጋፍ ነው። ነገር ግን በምእመናኑ ቤት 138 ያስፈልግ ስለነበር በ6 ድምፅ ወደቀ። ሲኖዶሱ ያጸደቀው በ2014 ነው፤ በመካከሉ ሕጉ ለተቃዋሚዎች በሚደረገው ጥበቃ በኩል እንደ አዲስ ተዘጋጅቶ ነበር። ያን ያህል ድጋፍ ያለው ነገር በስድስት ሰው ሲቆም ያማል። ግን ሦስቱ ቤቶች ለየብቻ የሚቆጠሩት አንዱ ክፍል በሌላው እንዳይዋጥ ታስቦ ነው፤ ይህን ሳያዩ ደንቡን ብቻ መርገም አይገባም።

ከዚህ የሚብሰው በየሀገረ ስብከቱ ሲቆጠር የሚፈጠረው ነው። እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት 4 ካህናት ይልካል፤ አራቱ ተነጋግረው አንድ ድምፅ ይሰጣሉ፤ 2 ለ2 ከተከፈሉ ድምፃቸው እንደ ድጋፍ አይቆጠርም እንበል። አሥር አህጉረ ስብከት ይኑሩ። አምስቱ 4 ለ0 ደገፉ፣ አምስቱ 2 ለ2 ተከፈሉ። በሰው ሲቆጠር 30 ከ40፣ ማለትም 75 ከመቶ ደግፏል። በሀገረ ስብከት ሲቆጠር 5 ከ10 ነው፤ 6 ያስፈልግ ነበር፤ ወደቀ። እንዲህ ባለ ጉባኤ ረቂቅ የሚያዘጋጅ ሰው ጥረቱን ማድረግ ያለበት የተከፈሉትን በመለየት ላይ ነው፤ ቀድሞ የሚደግፉትን ደጋግሞ ማሳመን ቁጥር አይጨምርም።

ሦስተኛ፣ በሁለት ጉባኤ ማጽደቅ። የሕገ ደንብ ለውጥ በአንድ ጊዜ ስሜት እንዳይወሰን ብዙዎች በተከታታይ ሁለት ጉባኤ እንዲጸድቅ ያደርጋሉ። የአሜሪካው ሳውዘርን ባፕቲስት ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ2023 በሁለት ሦስተኛ ያለፈውን፣ አባል አብያተ ክርስቲያናት ወንዶችን ብቻ መጋቢ እንዲያደርጉ የሚጠይቅ ማሻሻያ፣ በ2024 ሲያየው 61 ከመቶ ግድም ብቻ አገኘ፤ ወደቀ። በሁለቱ ጉባኤዎች መካከል የሚመጡት ተወካዮች ይለወጣሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ለሁለተኛው ዋስትና አይደለም።

የመሣሪያውን ነገር በአጭሩ። የኤሌክትሮኒክ ድምፅ መስጫ ካለ ሁልጊዜ ጠዋት የሙከራ ድምፅ ይሰጥ፤ የተቆጠረው ከተመዘገበው ተወካይ ቁጥር ጋር ይመሳከር። ልዩነቱ የሚመጣው ከማሽኑ ይልቅ ከተለዋጭ ተወካዮች ነው። ዋናው ወጥቶ ተለዋጩ ሲገባ መሣሪያው በመዝጋቢው ጠረጴዛ በኩል ካልተላለፈ ወይ ሁለቱም ይቆጠራሉ ወይ ማናቸውም አይቆጠሩም። ድምፅ መስጫው ክፍት የሚሆንበት ጊዜ 30 ሰከንድ ይሁን፤ በ10 ሰከንድ የሚዘጋ በትርጉም የሚያዳምጠውን ሁሉ ያስቀራል።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተከፈለው ሀገረ ስብከት ስሌት ብዙ ነገር ገለጠልኝ። አንድ ልጨምር፦ አሸናፊና ተሸናፊ የሌለበት፣ በመግባባት የሚወሰንበት መንገድ አለ ይባላል። በ800 ሰው አዳራሽ ይሠራል ወይ?

የምክክር አመቻች

ይሠራል፣ ነገር ግን ሰው እንደሚያስበው «ሁሉም እስኪስማማ መጠበቅ» አይደለም።

የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ወደዚህ የዞረው ኦርቶዶክሳውያን አባላቱ በድምፅ ብልጫ ሁልጊዜ አናሳ ሆነው እንደሚቀሩ ስላመለከቱ ነው። ልዩ ኮሚሽን ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የመጨረሻ ሪፖርቱን አቀረበ፤ በ2006 ብራዚል፣ ፖርቶ አሌግሬ ላይ የተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ በመግባባት ሥርዓት የተመራ የመጀመሪያው ሆነ። የአውስትራሊያ ዩናይቲንግ ቸርች ከዚያ በፊት ትሠራበት ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተወካይ ሁለት ካርድ ይይዛል፣ ብርቱካንማና ሰማያዊ። ተናጋሪው ሐሳቡን ሲጨርስ የተስማማው ብርቱካንማውን፣ ያልተዋጠለት ሰማያዊውን ደረቱ አጠገብ ያነሣል። ሰብሳቢው የአዳራሹን አዝማሚያ በ5 ሰከንድ ያያል። 20 ሰው ተሰልፎ አንድ ዓይነት ንግግር ማድረጉ ይቀራል፤ ትልቁ የጊዜ ቁጠባ ይህ ነው። ሰማያዊ ካርድ ያነሡት ለምን እንደሆነ ይጠየቃሉ፣ ቃሉ ይስተካከላል፣ እንደገና ይታያል። በመጨረሻ ጥቂቶች ካልተስማሙ «ተቃውሞአችሁ በቃለ ጉባኤ ይግባ፤ ውሳኔው እንዲቀጥል ትፈቅዳላችሁ ወይ?» ይባላሉ። ከፈቀዱ ውሳኔው በመግባባት ተወሰነ ይባላል። ምርጫና የሕገ ደንብ ለውጥ ግን አሁንም በድምፅ ነው።

የሚበላሸው ሰብሳቢው ካርድ መቁጠር ሲጀምር ነው። ከተቆጠረ ያው ድምፅ መስጠት ሆነ፣ ያውም ያለ ምስጢር። ሌላው አደጋ በመከባበር ስም ዝም ማለት ነው፤ አንድ ሊቀ ጳጳስ ወይም የታወቀ መጋቢ ብርቱካንማ ሲያነሣ ከኋላው የተቀመጠ ወጣት ሰማያዊ ለማንሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ከባድ ጉዳይ መጀመሪያ ከ10 እስከ 12 ሰው በሚይዙ ጠረጴዛዎች ይታይ፤ ጸሐፊዎቹ ሐሳቡን ያለ ስም ያቅርቡ።

የአጀንዳ ኮሚቴ አገልጋይ

እህቴ፣ በዋናው እስማማለሁ፣ በ120 ረቂቅ ላይ ግን አይሞከርም። የጠረጴዛ ውይይቱ 45 ደቂቃ፣ የሐሳብ ማሰባሰቡ 60 ደቂቃ፣ የተስተካከለውን ቃል ማቅረቡ ሌላ 30 ደቂቃ ነው። ለአንድ ጉዳይ 2 ሰዓት ከሩብ። ለሌላውም ጊዜ እንዲተርፍ በ14 ሰዓት ውስጥ ሦስት ወይም አራት ጉዳይ ብቻ እንዲህ ይታይ፤ የቀረው በጅምላ ዝርዝሩና በተራ ድምፅ ይሂድ። የትኞቹ ሦስት እንደሆኑ መምረጡ ነው ከባዱ፤ ያንን አጀንዳ ኮሚቴው ብቻውን ቢወስን ይጠረጠራል። ከጉባኤው ከ60 ቀን በፊት ተወካዮቹ ራሳቸው በጽሑፍ ቢመርጡ ይሻላል።

የሥነ ሥርዓት አማካሪ

ገና ያልተነሣ ነገር አለ፤ የሕግ ማጣሪያው። ዩናይትድ ሜቶዲስቶች እ.ኤ.አ. በ2012 ታምፓ ላይ የቤተ ክርስቲያኒቱን ጠቅላላ መዋቅር የሚቀይር ዕቅድ በብዙ ድካም አጸደቁ። በጉባኤው የመጨረሻ ቀን የቤተ ክርስቲያኒቱ የዳኝነት ምክር ቤት ዕቅዱ ከሕገ ደንቡ ጋር ይጋጫል ብሎ ውድቅ አደረገው። ጊዜ አልቆ ነበርና የተደከመበት ሁሉ ቀረ። ዳኞቹ ሥራቸውን ሠሩ፤ የዘገየው ጥያቄው ነው። የመዋቅር፣ የንብረት ወይም የሥልጣን ክፍፍል የሚነካ ረቂቅ ከኮሚቴ ሳይወጣ የሕግ አስተያየት በአንድ ገጽ ይያያዝበት፦ የትኛውን አንቀጽ ይነካል፣ ስንት ድምፅ ይጠይቃል፣ በበታች ጉባኤዎች መጽደቅ ያስፈልገዋል ወይ።

ከዚህ ጋር የወጪው መስመር ይሁን። በጀቱ በአራተኛው ቀን ከጸደቀ በአምስተኛው ቀን የሚጸድቅ «አዲስ የወጣቶች አገልግሎት ይቋቋም» የሚል ውሳኔ ገንዘብ የለውም። ያስደስታል፤ አይፈጸምም። በቀጣዩ ጉባኤ ሪፖርት ላይ «በገንዘብ እጥረት ምክንያት» ተብሎ ይነበባል። ወጪ ያለው ረቂቅ ሁሉ በሦስተኛው ቀን ማታ ይዘጋ።

ጠያቂ

የመጨረሻ ጥያቄ ትሁንልኝ። ይህ ሁሉ ሳይደረግ ቀርቶ ጉባኤው መጨረሻው ቀን ላይ ደርሷል፤ ሁለት ሰዓት ይቀራል፤ 30 ረቂቅ አለ። ያኔስ?

የሥነ ሥርዓት አማካሪ

በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ምልዐተ ጉባኤ ይቆጠርና በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ከጎደለ ከመበተን በቀር የሚደረግ ውሳኔ ሁሉ በኋላ ይፈርሳል፤ በጎደለ ጉባኤ የተወሰነን ነገር ማንም ተቃዋሚ አይተወውም። ከሞላ ሰብሳቢው ሦስት ነገር ለድምፅ ያቅርብ፦ የንግግር ጊዜ 1 ደቂቃ፣ በረቂቅ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው፣ አዲስ ማሻሻያ አይቀርብም። ክርክርን መገደብ ሁለት ሦስተኛ ይፈልጋል። ማሻሻያ ማገድ የደንብ እገዳ ስለሆነ እሱም በሁለት ሦስተኛ ነው። ቀነ ገደብ ያላቸው፣ ማለትም ካልተወሰኑ አገልግሎት የሚያቆሙ ወይም ውል የሚቋረጥባቸው፣ ይቅደሙ።

ረቂቁ የእምነት አቋም የሚነካ ወይም ሰዎችን ከአገልግሎት የሚያወጣ ከሆነ በዚያ ሰዓት አይታይ። እሱን ስለ «ለጥናት ይመለስ» ከጠቀስኳቸው አራት ነገሮች ጋር ለተወሰነ አካል መምራት ይሻላል፤ በ1 ደቂቃ ንግግር የተወሰነ እንዲህ ያለ ውሳኔ ማንንም አያስርም፣ ሁሉንም ያቆስላል።

ድምፅ ቆጣሪ

በዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ያልታዩት ረቂቆች ስማቸውና ቁጥራቸው በቃለ ጉባኤው መጨረሻ ገጽ ላይ «ሳይታዩ የቀሩ» ተብሎ ይዘርዘር፤ ለአቅራቢዎቻቸውም በ30 ቀን ውስጥ በደብዳቤ ይነገራቸው። አንድ ረቂቅ ውድቅ ሆነ እና ሳይታይ ቀረ የተለያዩ ናቸው። ሳይታይ የቀረው በሚቀጥለው ጉባኤ እንደ አዲስ ሊቀርብ መብት አለው፤ ያ ገጽ ከሌለ ግን አንዱ ተነሥቶ «ይህ ባለፈው ተጥሏል» ይላል፣ ማንም ማስተባበል አይችልም።